መንደር የሚጎበኘው በሥራው ነው



ዛሬ የምናገረው ስለ መንደር ጉብኝት ነው። ጉብኝት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደር ግንብና የአክሱም ሐውልት ነው። እነዚህ የአገር ኩራት ናቸው፤ ክብራቸውም አይጓደልባቸው። ይሁንና ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ሩቅ አገር የሚሄደው ታሪካዊ ሕንፃ ለማየት ብቻ አይደለም። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያርስ፣ ምን እንደሚበላ፣ ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ ማሩን ከየትኛው ዛፍ እንደሚቆርጥ ለማወቅም ይጓዛል። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የኢሉባቦር ምድር የምታቀርበው ብዙ ነው።

ሐሳቤን ገና ከመነሻው ልናገር። መንደርን ለእንግዳ የሚያስወድደው በውስጡ የሚሠራው ሥራ ነው። ሥራው የቀጠለበት መንደር እንግዳ መጣም ቀረም ይኖራል፤ እንግዳ ሲመጣም የሚያሳየው አያጣም። ሥራው የተቋረጠበት መንደር ግን ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ውሎ አድሮ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ በኢሉባቦሯ ያዮ እንግዳ እንቀበል ስንል አስቀድመን ልንጠብቀው የሚገባን የቡና ገበሬውን፣ የንብ አንቢውንና የእናቶቻችንን ሥራ ነው።

ከደቡብ ፈረንሳይ የምንማረው

በዓለም ላይ በመንደር ጉብኝት ስማቸው ከሚነሣ አካባቢዎች አንዱ ደቡብ ፈረንሳይ ነው። ፕሮቫንስ በሚባለው ግዛት ውስጥ ሉበሮን የተባለ ተራራማ አካባቢ አለ። ጎርድ፣ ሩሲዮን፣ ቦንዮና ሉርማረን የመሳሰሉ በድንጋይ የተሠሩ መንደሮች በኮረብታዎቹ ላይ ሰፍረዋል። ሉበሮን እ.ኤ.አ. በ1977 የተፈጥሮ ፓርክ ሆነ፤ በ1997 ደግሞ ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበው። የያዮ የቡና ደንም በዚሁ የዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ ስላለ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት አግባብ ነው።

ፈረንሳዮች ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1982 ሻርል ሴራክ የተባሉ የአንዲት ትንሽ መንደር ከንቲባ ውብ መንደሮችን የሚያሰባስብ ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ አባል የሚያደርገው የነዋሪው ቁጥር ከ2,000 የማይበልጥ መንደር ነው። በሕግ የተጠበቁ ቢያንስ ሁለት ቅርሶች ወይም ሥፍራዎች እንዲኖሩትም ይጠይቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ቅድመ ሁኔታ ግን የመንደሩ ምክር ቤት ራሱ ተወያይቶ መጠየቅ እንዳለበት የሚደነግገው ነው። ምክር ቤቱ ያልመከረበት መንደር በሌላ ሰው ፈቃድ የማኅበሩ አባል አይሆንም።

ሩሲዮንን በምሳሌነት ልውሰድ። ይህች መንደር በቀይና በቢጫ አፈሯ ትታወቃለች። አፈሩ እየተቆፈረና እየታጠበ ለቀለም ይውል ነበር፤ ብዙ ቤተሰብም በዚሁ ይተዳደር ነበር። በፋብሪካ የሚመረት ሰው ሠራሽ ቀለም ሲስፋፋ ገበያው ወደቀ። የመንደሯ ሰዎች ግን ዕውቀቱ ከሥራው ጋር እንዲቀበር አልፈቀዱም። አሮጌው የቀለም ፋብሪካ ዛሬ አፈሩ እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንደሚደርቅና እንደሚፈጭ የሚታይበትና ትምህርት የሚሰጥበት ቦታ ሆኗል። ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ የአፈሩን ቀለም አይቶ ብቻ አይመለስም፤ ሥራውን ተምሮ ይወጣል።

ሁለተኛው ምሳሌ የገጣሚው ፍሬደሪክ ሚስትራል ነው። ሚስትራል የሚጽፈው በትውልድ አገሩ በፕሮቫንስ ቋንቋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 በአርል ከተማ የተራውን ሕዝብ ዕቃ፣ ልብስና የሥራ መሣሪያ የሚሰበስብ ሙዚየም አቋቋመ። በ1904 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ የደረሰውን ገንዘብ ያዋለው ይህንኑ ሙዚየም ለማስፋት ነው። የእረኛ በትርና የገበሬ ቤት ዕቃ በሙዚየም ሊቀመጥ የሚገባው ሀብት መሆኑን የዚያ ምድር ልጅ ራሱ መሰከረ።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። የሉበሮን መንደሮች ዝናቸው በጨመረ ቁጥር የቤቶቻቸው ዋጋ ናረ። ብዙ ቤቶች ባለቤቶቻቸው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚመጡባቸው የዕረፍት ቤቶች ሆኑ። ለመንደሩ ወጣት በተወለደበት ቀዬ ቤት መግዛት ከባድ ሆነ፤ በክረምት መስኮቶቻቸው የሚዘጉ ቤቶችም በዙ። እንግዳ ብዙ ገንዘብ ያመጣል፤ ያላሰቡበት እንደሆነ ደግሞ ነዋሪውን ከገዛ መንደሩ ገፍቶ ያወጣል። እኛ ገና በጅምር ላይ ስለሆንን ከልማታቸውም ከጥፋታቸውም መማር እንችላለን።

ደኑን ያቆየው ቡና

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. ከከፋ ጋር በአንድ ጊዜ በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ሁለቱ ናቸው። የያዮው ጠቅላላ ስፋት 167,021 ሄክታር ነው። ከዚህ ውስጥ 27,733 ሄክታሩ ጥብቅ የሆነው የመሐል ክፍል ነው። በዙሪያው 21,552 ሄክታር መካከለኛ ቀጠና አለ፤ ቀሪው 117,736 ሄክታር ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት የሽግግር ቀጠና ነው። አብዛኛው ክፍል የሰው መኖሪያና እርሻ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ዩኔስኮ የመዘገበው ሰውን አስወጥቶ የታጠረ ጫካ ሳይሆን ሰውና ደን አብረው የኖሩበትን አገር ነው።

ደኑ እስከ ዛሬ የቆየበት ምክንያትም በዚህ ይገለጣል። በብዙ የአገራችን ክፍል ዛፍ ሲቆረጥ የያዮ ገበሬ ዛፉን ያቆየው ቡናው ጥላ ስለሚፈልግ ነው። ቀረሮ፣ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብሳናና ብርብራ ከላይ ይዘረጋሉ፤ ከሥራቸው ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል። ገበሬው ለቀማ ሳይደርስ ሥር ሥሩን ይመነጥራል፤ የበዛውን ጥላ ያሳሳል፤ ዋናውን ዛፍ ግን አይነካም። ገባና ዶጊ ወንዞችም በዚህ ደን ውስጥ ያልፋሉ። ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን ይፈጥራል፤ ባሮም በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ይወርዳል። ያዮ ላይ የሚጠበቅ ዛፍ ለሩቅ አገር ውኃም ባለውለታ ነው።

ደኑ የሚሰጠው ቡና ብቻም አይደለም። ኮረሪማና ጥምዝ ከጥላው ሥር ይለቀማሉ። ቀፎ በረጃጅሙ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ጌተም ያበበ ጊዜ የሚቆረጠው ማር ነጭ ሲሆን ግራዋና ብሳና ሲያብቡ የሚገኘው ጠቆር ይላል። ንብ አንቢው ቀፎውን በገመድ አንጠልጥሎ ዛፍ ላይ ሲወጣ ማየት፣ ማሩንም ቀምሶ የየትኛው አበባ እንደሆነ ሲናገር መስማት፣ ለከተማ ልጅ ትልቅ ትምህርት ነው። ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ደግሞ ያለ ክፍያ የሚታይ ትርኢት ነው።

የቢሻሪ ስጦታ

ብዙዎቻችን የማናውቀውን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬን ገና በአረንጓዴነቱ የሚያጠቁርና የሚያረግፍ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። በሽታው በተስፋፋበት ሁሉ ገበሬው ምርቱን አጣ። ያን ጊዜ የጅማ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በሽታውን የሚቋቋም ቡና ፍለጋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ደኖች ተሰማሩ። በሽታ ባለበት አካባቢ ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ እየመረጡ፣ ቁጥር እየሰጡ ዘሩን ወሰዱ።

ከእነዚህ መካከል 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች የተገኙት ከመቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከሚባል መንደር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታሉ፤ ቀሪው የዛፉ ተራ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበሬ ተሠራጩ። ዛሬ በይርጋጨፌ፣ በሲዳማና በጉጂ ማሳዎች ላይ ሳይቀር ይበቅላሉ። በቶኪዮና በበርሊን በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጥ የኢትዮጵያ ቡና ከረጢት ላይ እነዚህ ቁጥሮች ታትመው ይገኛሉ።

እስቲ አስቡት። አንዲት የኢሉባቦር መንደር በችግር ጊዜ ለመላው የአገሪቱ ቡና አምራች ዘር አበርክታለች፤ መንገደኛው ግን መቱ ደርሶ ሲመለስ ስሟን አይሰማም። ፈረንሳዮች ይህን የመሰለ ታሪክ ያላት መንደር ብትኖራቸው በመግቢያዋ ላይ ጽፈው ያቆሙት ነበር፤ ተማሪም እንግዳም ወደዚያ ይወስዱ ነበር። እኛም ማድረግ እንችላለን፤ ወጪው ከአንድ ሰሌዳና ታሪኩን ከሚተርክ አንድ አዋቂ አይበልጥም።

አንድ የለቀማ ቀን

ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ያዮ ለቀማ ላይ ናት። እንግዳ ሊመጣ የሚገባውም በዚህ ወራት ነው። ቤተሰቡ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ወደ ጫካ ይገባል። የደን ቡና እንደ ጓሮ ቡና አጭርና ቁጥቋጦ አይደለም፤ ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ስለሚሄድ ቀጭንና ረጅም ነው። ለቃሚው ጫፉ በቆለመመ እንጨት ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጎ በአንድ እጁ ይይዛል፤ በሌላው የቀላውን ብቻ እየመረጠ ወገቡ ላይ ወዳሠረው ቅርጫት ይጥላል። አረንጓዴው ይቆያል፤ ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይለቀማል። ልምድ የሌለው ሰው የቅርንጫፉን ፍሬ በሙሉ ይገፍፋል፤ እንዲህ ከሆነ የዘንድሮው ጣዕም ይበላሻል፤ የሚመጣው ዓመት አበባም ይጎዳል።

እሸቱ ቤት ሲደርስ ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ አልጋ ላይ ይሰጣል። ፀሐይ ሲበረታ ይገላበጣል፤ ዝናብ ሲያስፈራራና ሲመሽ ይሸፈናል። እናቶች ቡናው ደርቆ ጀንፈል መሆኑን የሚያውቁት ጭብጥ አድርገው ሲነቀንቁት በሚሰማ ድምፅ ነው፤ ፍሬው በገለባው ውስጥ ሲንኳኳ ደርሷል ማለት ነው። ይህን ጆሮ የትኛውም መጽሐፍ አያስተምርም።

ማታ ደግሞ ምጣዱ ይጣዳል። ቡናው ይቆላል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ጀበናው ይንተከተካል። በዚህ አገር ቡናውን በጨው የሚጠጣ ብዙ ነው። ጎረቤት ይጠራል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ጨዋታው ይረዝማል። በኦሮሞ ሥርዓት ቡና ቀላም አለ፤ የቡናው ፍሬ በቅቤ ተጠብሶ በምርቃትና በጸሎት ይቀርባል። በዚህ ቤት የዋለና ያመሸ እንግዳ ቡና ከሱቅ የሚገዛ ሸቀጥ መሆኑን ብቻ ያውቅ ከነበረ፣ የስንት ሰው ድካምና የስንት ሰው ምርቃት እንዳለበት ያን ቀን ያውቃል።

ከጎሬ እስከ ጋምቤላ

ከደኑ የወጣ መንገደኛ ወደ መቱና ወደ ጎሬ ቢዘልቅ የአገሪቱን ታሪክ አንድ ትልቅ ምዕራፍ ያገኛል። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫና የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ስምምነት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደላቸው፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የዚህ አገር ቡና በበቅሎ ተጭኖ ከጎሬ ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ ወንዙ በሚሞላበት ክረምት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ራስ እምሩ የመንግሥቱን አደራ ተቀብለው ተጋድሎውን የመሩት ከጎሬ ነው። የሶር ፏፏቴም ከመቱ ሩቅ አይደለም፤ ወንዙ በጥቅጥቅ ደን መካከል ወደ ገደል ሲወረወር ያየ ሰው አይረሳውም። የኢሉ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ሥፍራ የሆነው ኦዳ ዶጊም በዚህ ምድር ነው፤ የገዳ ሥርዓት ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

እንግዳው በማን ቤት፣ በምን ሥርዓት?

ወደ ተግባሩ ልምጣ። አገራችን በዚህ ረገድ ልምድ የላትም አትበሉ። በሰሜን ወሎ በመቄት ገበሬዎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተስፋ ፕሮግራም አማካይነት የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ ተራ ገብተው እያስተናገዱ ገቢውን ለመንደሩ አውለዋል። የወንጪ መንደር በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው የዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ገባች።

ለያዮ የምመክረው የሚከተለውን ነው። አንደኛ፣ እንግዳው የመንደሩ እንግዳ ይሁን። አንድ ሀብታም ሰው ትልቅ ሆቴል ሠርቶ ሁሉን ከሚጠቀልል፣ ሠላሳ ቤተሰብ በተራ ቢያስተናግድ ይሻላል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይሉ የለም አባቶች? የአዳር፣ የምግብና የአስጎብኚ ዋጋ በቀበሌው ስብሰባ ይወሰን፤ ሁሉም እንዲያየው ተጽፎ ይለጠፍ። ከገቢው የተወሰነው ለቤቱ፣ የተወሰነው ለአስጎብኚው፣ የተወሰነው ለምንጭ ጥገናና ለትምህርት ቤት ይመደብ።

ሁለተኛ፣ አስጎብኚው የመንደሩ ወጣት ይሁን። ዛፉን በኦሮምኛም በአማርኛም ስሙ የሚያውቅ፣ የቢሻሪን ታሪክ የሚተርክ፣ የደኑን ወሰን የሚለይ ልጅ ሥራ አጣሁ ብሎ ከተማ አይሄድም። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው የአባ ገዳዎችን፣ የንብ አንቢዎችንና የእናቶችን ቃል ቢመዘግቡ፣ መቱ ዩኒቨርሲቲም መዝገቡን ቢይዘው፣ ይህ ለአስጎብኚው መማሪያ ይሆናል። የቀፎው፣ የጀበናው፣ የሙቀጫውና የድሮው የእርሻ መሣሪያ ማቆያ የሚሆን አንድ ክፍል ከተገኘ ደግሞ የያዮ ሙዚየም ተጀመረ ማለት ነው። ሚስትራልም የጀመረው እንዲሁ ዕቃ በመሰብሰብ ነበር።

ሦስተኛ፣ ለእንግዳው ሕግ ይኑር። ወደ ጥብቁ የመሐል ክፍል ያለ ፈቃድ አይገባም። የሰው ፎቶ ሳይጠይቅ አያነሣም፤ ለቅሶ ቤትና የጸሎት ሥፍራ ላይ ካሜራውን ያስቀምጣል። የቡና ዘርም ሆነ ችግኝ ይዞ አይወጣም። ይህ የመንደር ወግ ብቻ አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የዘረመል ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል። የቢሻሪን ታሪክ የሰማ ሰው አንድ እፍኝ ዘር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይገባዋል።

አራተኛና ዋነኛው፣ ቡናው ገበሬውን ይመግበው። ጥሩ ዋጋ ያላገኘ ገበሬ ጥላውን ከልክ በላይ ያሳሳል፤ ከዚያም ዛፉን ቆርጦ በቆሎ ወይም ጫት ይተክላል፤ እኛም ልንወቅሰው አንችልም። እንግዳው በቀጥታ ከቤቱ የሚገዛው ቡና፣ ማርና ኮረሪማ ለገበሬው ተጨማሪ ገቢ ነው፤ ማዳኛው ግን ዘላቂው የቡና ዋጋ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የደን ቡናን በስሙና በጥራቱ እንዲሸጡ ማገዝ ከማንኛውም የቱሪዝም ማስታወቂያ በፊት ይቀድማል። ጉብኝት የቡና ሥራ ደጋፊ እንጂ ተተኪ ሊሆን አይገባውም።

ቀዳሚዎቹ እንግዶች እኛ ነን

የውጭ አገር ጎብኚ እስኪመጣ አንጠብቅ። የፈረንሳይን መንደሮች ከሚያጨናንቁት መካከል ብዙዎቹ ፈረንሳዮች ራሳቸው ናቸው። የአዲስ አበባ ልጅ በየቀኑ ሦስት ስኒ ቡና ይጠጣል፤ የቡና ዛፍ በደን ውስጥ ቆሞ ያየው ግን ጥቂቱ ነው። የመቱ ተማሪ ከያዮ ደን በአንድ ሰዓት ጉዞ ርቀት እየተማረ ደኑን ሳይረግጥ ሊመረቅ አይገባውም። ትምህርት ቤቶች በለቀማ ወራት ለልጆቻቸው አንድ ቀን ይስጡ፤ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛ ጉብኝታቸውን ወደዚህ ያዙሩ፤ በዳያስፖራ ያሉ የኢሉባቦር ልጆች ለዕረፍት ሲመጡ ልጆቻቸውን ከዘመድ ቤት አሻግረው ወደ ቡናው ጫካ ይውሰዱ።

ለያዮ ሰዎች አንድ ቃል ልጨምር። አያቶቻችሁ ደኑን ያቆዩት ሽልማት ተስፋ አድርገው አልነበረም፤ ቡናው እንዲኖር ዛፉ መኖር እንዳለበት ስላወቁ ነው። የዓለም ምዝገባ የመጣው ይህ ዕውቀት መቶ ዓመታትን ከተሻገረ በኋላ ነው። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ዝቅ ብላችሁ አትቀበሉት፤ የምታስተምሩት ነገር አላችሁና እንደ መምህር ተቀበሉት። በሚመጣው የለቀማ ወቅት እያንዳንዱ ቀበሌ ተሰብስቦ የሚያስተናግዱ ቤቶችን ይምረጥ፤ ዋጋውን ይወስን፤ አስጎብኚዎቹን ይሰይም። ወረዳውና ዞኑ ደግሞ መንገዱንና ሰሌዳውን ያቅርቡ፤ ውሳኔውን ግን ለመንደሩ ይተዉለት። ሥራችሁን ካከበራችሁት እንግዳውም ያከብረዋል፤ ልጆቻችሁም ይቀጥሉታል።